የስሪ ኢዲየትሱ ፈርሃን ታሚል ላይ አክተሩ ራሱ ነው እንዴ?

ሳቢያን 07 (ድሬዳዋ)

ሰላም የህንድ ፊልም ወዳጆች። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ስሪ ኢዲየትስን ያላየ የድሬ ልጅ ያለ አይመስለኝም። እኔ ስንቴ እንዳየሁት መቁጠሩን ትቻለሁ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አሚር ካን ነው። እኔን ከመጀመሪያው የያዘኝ ግን ፈርሃን ነው፤ ካሜራ እየወደደ ኢንጂነሪንግ የሚማረው ልጅ። እኔም ሥዕል እየወደድኩ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተምሬያለሁ፣ አባቴ ስለፈለገ። ፈርሃን አባቱ ፊት ቆሞ ኢንጂነር መሆን አልፈልግም የሚልበት፣ አባትየውም መጨረሻ ላይ ልቡ ተሰብሮ ላፕቶፑን መልሰን ካሜራ እንግዛ ወደሚለው የሚመጣበት ቦታ ሲደርስ ሁሌም ውሃ ልጠጣ ብዬ እነሳለሁ። ቤት ውስጥ ሰው እንዳያየኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ግቢ ምንጣፍ አንጥፈን ንፋስ እየተቀበልን ስንጫወት፣ ታናሽ እህቴ «ፈርሃን እኮ የታሚል፣ የደቡብ ህንዱ ፊልም፣ አክተር ነው፣ እዚያ ዋናው እሱ ነው» አለችኝ። አላመንኳትም። ስልኳ ላይ አሳየችኝ። ስሙ ማድሃቫን ነው። በፈረንጅ ከ2000 ጀምሮ እሱ አክተር የሆነባቸው የታሚል ፊልሞች ተደርድረዋል፤ የፍቅር አለ፣ ፖሊስ የሆነበት አለ፣ የቦክስ አሰልጣኝ የሆነበት አለ፣ አባት የሆነበትም አለ።

ግራ የገባኝ ይኼ ነው። እዚያ አክተር የሆነ ሰው ሂንዲ ላይ ሲመጣ ለምን የአክተሩ ጓደኛ ይሆናል? ሂንዲዎቹ አንፈልግህም ብለውት ነው? ቋንቋው አስቸግሮት ነው? ደግሞስ ከየትኛው ልጀምር? ሂንዲን ከልጅነታችን ጀምሮ ጆሯችን ለምዶታል፣ ታሚል ግን አንድ ቃል አልሰማም። እናቴም ማየት ትፈልጋለችና ለሷ የሚሆን ካለ ጠቁሙኝ።

ቀፊራ ሰፈር

አቦ ቪክራም ቬዳን ሳታይ ነው እስካሁን የኖርከው! የ2017ቱን፣ የታሚሉን። እሱ ፖሊስ ነው፣ ቪጄይ ሴቱፓቲ ወንበዴ ነው። ከተማው በሙሉ የሚያሳድደው ወንበዴ በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ መጥቶ እጁን ይሰጣል፣ ከዚያ ለፖሊሱ ታሪክ ልንገርህ ይለዋል። ታሪኩ ሲያልቅ ጥያቄ አለው። ፖሊሱ ሲመልስ፣ እስከዚያ ድረስ ጥሩው እኔ መጥፎው እሱ ብሎ የያዘው ነገር ይሰነጠቅበታል። የድሮ ተረታቸው ላይ ነው የተሠራው፣ ንጉሡ መንፈስ ተሸክሞ ሲሄድ መንፈሱ ትከሻው ላይ ሆኖ ተረት እያወራ ጥያቄ የሚጠይቀው።

ዛሬ ማታ እየው፣ ነገ ተመልሰህ ጻፍ። በ2022 ሂንዲም ተሠርቷል፣ እዚያ ላይ ግን ማድሃቫን የለም። የሱን ቦታ የያዘው ሳይፍ አሊ ካን ነው።

ሸዋ በር (ሐረር)

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሁለት ዓመት ቼናይ፣ የታሚሎቹ ዋና ከተማ፣ ተምሬያለሁ። አብረውኝ ዶርም የነበሩት ሴቶች ማድሃቫን ብለው አይጠሩትም፣ ማዲ ነው የሚሉት፣ የጎረቤት ልጅ እንደሚጠራ። ግድግዳቸው ላይ የለጠፉትም ነበሩ። እኔ ሐረር ሆኜ የማውቀው ሂንዲ ብቻ ስለነበር የመጀመሪያው ሰሞን ያንተው ዓይነት ግራ መጋባት ነበረብኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ቋንቋ አላስቸገረውም። ቤተሰቡ ታሚል ነው፣ የተወለደው ግን በ1970 ጃምሼድፑር ነው፤ ያኔ ቢሃር ትባል በነበረችው፣ ዛሬ ጃርካንድ በምትባለው ግዛት፣ ከታሚሎች አገር በጣም ሩቅ። ቤት ውስጥ ታሚል፣ ደጅ ሂንዲ እየሰማ ያደገ ልጅ ነው። ኮልሃፑር ኤሌክትሮኒክስ ተምሯል፣ ስለዚህ ፈርሃንን ሲሠራ ከሚያውቀው ነገር ብዙም አልራቀም። ሰው ፊት መናገር ለሚፈሩ ሰዎች ትምህርት ይሰጥም ነበር። ትወና የጀመረውም በሂንዲ ቴሌቪዥን ድራማ ነው፣ በ1990ዎቹ። ታሚል ፊልም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1997 ወጥቶ ለነበረ ፊልም ዳይሬክተሩ ማኒ ራትናም ሞክሮት ነበር፣ ለቦታው ልጅ መሰለውና ተወው። በ2000 ግን ራሱ ማኒ ራትናም መልሶ ጠርቶ አላይፓዩዴ ላይ አክተር አደረገው። ሙዚቃው የኤ አር ራህማን ነው። አንድ ፊልም ሠርቶ በአንድ ዓመት ውስጥ የታሚል ሴቶች ልብ ውስጥ ገባ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ታሚልና ሂንዲ እንደ አማርኛና ትግርኛ እንዳይመስሉህ። ዘራቸውም ፊደላቸውም ለየብቻ ነው። ታሚል ናዱ፣ የታሚሎቹ ግዛት፣ በ1965 ሂንዲ የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ አይጫንብንም ብሎ የተነሳ ሕዝብ ነው፣ ሰው ሞቶበታል። ፊልሙም እንደዚያው ነው፣ ቼናይ የራሷ ስቱዲዮ፣ የራሷ ኮከብ፣ የራሷ ተመልካች አላት። አንድ ፊልም እዚህ ሲሳካ እዚያ ሌላ ሰው አስገብተው እንደገና ይሠሩታል። ማድሃቫን ደግሞ ልክ ድንበሩ ላይ ነው የቆመው። ሥራዎቹን በዚህ ዓይን እያቸው።

2001 ላይ ሚናሌን በታሚል ሠራ፣ ፊልሙ ተወደደ። በዚያው ዓመት ያንኑ ታሪክ ያው ዳይሬክተር በሂንዲ ሠራው፣ ሬህና ሃይ ቴሬ ዲል ሜን ብሎ፣ ከዲያ ሚርዛ ጋር፣ አክተሩም ያው ማድሃቫን። ሲኒማ ቤት ላይ ወደቀ። አላይፓዩዴ በ2002 ሂንዲ ሲሆን አክተሩ ቪቬክ ኦቤሮይ ሆነ። በ2004 ማኒ ራትናም አንዱን ታሪክ በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ቀረጸው፤ ታሚሉ ላይ ጉልቤው ማድሃቫን፣ ሂንዲው ላይ ያው ጉልቤ አቢሼክ ባችቻን። የሚገርመኝ ደግሞ በዚህኛው በኩልም መዘጋቱ ነው፣ ስሪ ኢዲየትስ በ2012 ናንባን ተብሎ ታሚል ሲሆን ፈርሃንን ሌላ ሰው ነው የሠራው! ሂንዲ ላይ ታሚል ተብሎ፣ ታሚል ላይ የሂንዲው ተብሎ፣ ሰውየው መሃል ላይ ነው የኖረው። ቀፊራ ሰፈር የጠራው ሳይፍ አሊ ካን ደግሞ በ2001ዱ የሂንዲ ፊልም ላይ ልጅቷን የሚቀናቀነው ሰው ነበር። ከ21 ዓመት በኋላ የፖሊስነቱን ቦታ ወሰደው።

ለእናትህ ካናቲል ሙታሚታልን እመርጣለሁ፣ የ2002ቱን። ጉንጭ ላይ መሳም ማለት ነው። አንዲት ልጅ ዘጠኝ ዓመት በሞላት ቀን የወለዱሽ እኛ አይደለንም ይሏታል፤ እናቷ ጦርነት ውስጥ ያለችው ስሪላንካ ቀርታለች፣ ልጅቷም ወስዳችሁ አሳዩኝ ትላለች። ማድሃቫን አሳዳጊ አባቷ ነው፣ ደራሲ። ስድስት የህንድ ብሔራዊ ሽልማት አግኝቷል። እኔ ከእናቴ ጋር ነው ያየሁት። እሷ ነደባው (መደቡ) ላይ ጋደም ብላ፣ እኔ ከስር ሆኜ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በሐረሪ እየነገርኳት። ግማሹ ላይ «በቃ አትንገሪኝ፣ ገብቶኛል» አለችኝ።

የቪዲዮ ቤቱ ልጅ (መጋላ)

እኔ በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርም። አባቴ መጋላ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ቅዳሜና እሁድ አግዳሚው ይሞላና ልጆች መሬት ይቀመጣሉ፣ ሂንዲ ለመድኩ የሚል አንድ ጎረምሳ ፊት ቆሞ ጮክ ብሎ ይተረጉማል። የሚተረጉመው ግማሹ ከራሱ ነበር፣ ግን እንወደው ነበር። የምንፈልገው አክተር ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ብቻውን ሃያ ሰው የሚመታ። የማይመታ አክተር አክተር አልነበረም።

ስለዚህ ሳቢያን 07 ጥያቄህ ይገባኛል፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። የአክተሩ ጓደኛ መሆንን እንደ መውረድ አድርገህ ነው የያዝከው። እስቲ ስሪ ኢዲየትስን እንደገና አስበው። ታሪኩን ማነው የሚነግርህ? ፈርሃን ነው። ራንቾን የወደድከው በፈርሃን ዓይን ስላየኸው ነው። አሚር ካን ያንን ሁሉ ሲያብለጨልጭ የሚያየው፣ የሚደነቅለት፣ የሚሰማው ሰው ባይኖር ባዶ ጩኸት ነበር። ደግሞ 39 ዓመቱ ነበር ያኔ፤ የ39 ዓመት ሰው የኮሌጅ ተማሪ ሆኖ አባቱን ሲፈራ አምነህለታል።

ራንግ ዴ ባሳንቲ ላይ ደግሞ፣ በ2006፣ ያለበት ጊዜ ትንሽ ነው። የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነው፣ ይስቃል፣ ይጫወታል፣ የሚወዳትን ልጅ ያገባል ስትል አውሮፕላኑ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም በሙሉ የሚሄደው በሱ ሞት ነው። በዚያች ትንሽ ሰዓት ካልወደድከው ጓደኞቹ የሚያደርጉት ነገር አይገባህም። እኔ ወድጄዋለሁ፣ እስካሁን ያንን ክፍል ሳይ ልቤ ይከብደኛል።

አክተርም ሆኗል ሂንዲ ላይ። ታኑ ዌድስ ማኑ፣ 2011 ላይ አንድ፣ 2015 ላይ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው በጣም ነው የተሳካው። ከለንደን የመጣ ዶክተር ነው፣ ሚስት ሊያገባ። ካንጋና ራናውት ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች፣ ትሸሻለች። እሱ ዝም ብሎ ያያታል። ዝም ብሎ ማየት ቀላል ይመስላል እንጂ እኔ ስንት ፊልም ያየሁ ሰው እነግራችኋለሁ፣ ሌላው ሲናገር የምር የሚያዳምጥ ተዋናይ ጥቂት ነው። አብዛኛው የራሱን ተራ ነው የሚጠብቀው። ማድሃቫን ያዳምጣል። ቪክራም ቬዳን ስታይ ይኼን አስታውስ፣ ወንበዴው ሲያወራ ካሜራው ፖሊሱ ላይ የሚመጣበትን ቦታ እይ።

አንቤ ሲቫምንም አትርሱ። 2003። ከካማል ሃሳን ጋር፣ ከታላቁ። ዝናብ አይሮፕላን ማረፊያውን ዘግቶት ቡባኔሽዋር ላይ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ተይዘው ይቀራሉ፣ ከዚያ ውሃው መንገድ ቆርጦባቸው፣ ባቡር አጥተው፣ አብረው እስከ ቼናይ ይጓዛሉ። የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ወዲህና ወዲያ ተለያይቶ የቆመ የድሬ ሰው ያ ስሜት አይጠፋውም። ማድሃቫን መጀመሪያ የሚያናድድ፣ ገንዘብ ብቻ የሚያወራ ወጣት ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን ሰው ሆኖ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ካማል ሃሳንን አዳምጧል። ሲወጣ ሲኒማ ቤት ላይ ከሰረ። ዛሬ ግን ታሚሎች ከሚወዷቸው ፊልሞች አንዱ ነው።

ሳቢያን 07

አየሁት! ቪክራም ቬዳን ማለቴ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ጨርሼ እስከ አስር ሰዓት አልተኛሁም። እህቴንም ቀስቅሼ ላውራት ብዬ ተቆጣችኝ።

የቪዲዮ ቤቱ ልጅ፣ ያልከኝን ይዤ ነበር ያየሁት። እውነትህን ነው። ፊት ለፊት ተቀምጠው ወንበዴው የመጀመሪያውን ታሪክ ሲጀምር ፖሊሱ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ ነበር፣ የሚንቅ ሰው አቀማመጥ። ታሪኩ እየሄደ ሲመጣ ሳያውቀው ወደፊት ይመጣል። እኔም ወደፊት መጥቼ ነበር።

ታሚል አይገባኝም ብዬ የፈራሁት ነገር ደግሞ ሃያ ደቂቃ አልቆየም። ከዚያ በኋላ ጽሑፉን እያነበብኩ እንደሆነም ረሳሁት። ሸዋ በር አመሰግናለሁ እህቴ፣ ካናቲል ሙታሚታልን ለእናቴ አግኝቻለሁ። እህቴ ደግሞ ራሱ ዳይሬክት ያደረገው የሮኬት ፊልም አለ ትላለች። ያየው አለ?

አምስተኛው በር (ሐረር)

ሁላችሁም እያመሰገናችሁት ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም።

ሚናሌ ወይም ሂንዲው ሬህና ሃይ ቴሬ ዲል ሜን ላይ ልጁ የሚያደርገውን አይታችኋል? ልጅቷ ከልጅነቷ ወዲህ አይታው የማታውቀው እጮኛ አላት፣ እሱ ሄዶ እጮኛሽ እኔ ነኝ ብሎ ዋሽቷት ነው የሚቀርባት። ፍቅር የያዛት በሌላ ሰው ስም ነው። ስታውቅ እጮኛዋ ጋር ሄዶ መደባደብ። መጨረሻ ላይ ታገኘዋለች። በ16 ዓመቴ ስንት ጊዜ አልቅሼበታለሁ፣ ዘፈኖቹን እስካሁን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። አሁን ሴት ልጅ አለችኝ። ባለፈው እንደገና ላየው ተቀምጬ ግማሹ ላይ አጠፋሁት። ልጄን እንደዚህ አድርጎ የሚቀርባት ሰው ቢመጣ በሬን አልከፍትለትም። በ2024 ህንድ ውስጥ እንደገና ሲኒማ ቤት ገብቶ ሰው እየዘፈነ አየው ሲባል ስሰማ፣ ያ ሁሉ ሰው ፈገግታውን እያየ ውሸቱን እንዴት አላየም አልኩ። ፈገግታው ደግሞ እውነትም ፈገግታ ነው፣ ችግሩ እሱ ነው።

አላይፓዩዴን እዩ ለዚህ ነው የምለው። እዚያም ተደብቀው ይጋባሉ፣ ግን ፊልሙ ሠርጉ ላይ አያበቃም። አብረው መኖር ሲጀምሩ ያለውን ያሳያል፤ መኮራረፉን፣ ማታ ሲመጣ ፊቷን የማያይበትን፣ ወደ ቤተሰብ መሄድ የሚያሳፍርበትን። ያ ቆንጆ ልጅ ባል ሲሆን አስቸጋሪ ባል ይሆናል። የ2004ቱ ጉልቤ ደግሞ ሚስቱን ይመታል፣ ይወዳታልም፣ ፊልሙ ግን አይዞህ አይለውም። ማድሃቫን እዚያ ላይ ፈገግታውን ሙሉ በሙሉ ትቶታል፣ ፊቱን ስታዩ ትፈራላችሁ። ያንን ሥራውን ነው የማከብረው።

ሸዋ በር (ሐረር)

እህቴ አምስተኛው በር፣ እውነት ነው። ዶርም ውስጥም በዚሁ ተጣልተን እናውቃለን። እኔ ያኔ የማዲ ጠበቃ ነበርኩ። ዛሬ ካንቺ ጋር ነኝ።

የለገሃር ልጅ (ድሬዳዋ)

ስለ ሮኬቱ ፊልም የተጠየቀው አልተመለሰምና እኔ ልመልስ። ግን በመጀመሪያ ሸዋ በር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈችው ጃምሼድፑር ላይ ልቁም፣ ምክንያቱም ለኔ ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ነው።

ጃምሼድፑር የታታ የብረት ፋብሪካ የቆረቆራት ከተማ ናት። ከፋብሪካው በፊት ከተማ አልነበረም። ፋብሪካው ሲመጣ ሠራተኛ ከህንድ አራቱም ማዕዘን መጣ፣ ቤንጋሊ፣ ፑንጃቢ፣ ታሚል፣ ኦዲያ፣ ሁሉም ጎን ለጎን ሰፈረ። የማድሃቫን አባት እዚያው ታታ ብረት ነበር የሚሠሩት። አሁን ድሬን አስቡ። በፈረንጅ በ1902 ባቡሩ ባይደርስ ድሬዳዋ የምትባል እንደዚህ ያለች ከተማ ትኖር ነበር? አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ቤት ኦሮምኛ፣ ሥራ ቦታ ፈረንሳይኛ፣ ገበያ ሶማሊኛ፣ ቢሮ አማርኛ። እኛ ልጆቹ ኳስ ስንጫወት አንዱን ዓረፍተ ነገር በሦስት ቋንቋ ነበር የምንጨርሰው፣ ዛሬም ደግሞ እንደዚያው ነው። አዲስ አበባ ስማር ግን «አንተ የየት ሰው ነህ?» ይሉኝ ነበር፤ እዚያ ስሄድ የምሥራቅ ልጅ፣ ገጠር ዘመዶቼ ጋር ስሄድ የከተማ ልጅ።

ማድሃቫን ሂንዲ ላይ ታሚል፣ ታሚል ላይ የሂንዲው ሆነ ስትሉ ያ ነገር አዲስ አልሆነብኝም። የፋብሪካና የባቡር ከተማ ልጅ እንደዚያ ነው። የቪዲዮ ቤቱ ልጅ ያዳምጣል ያለውም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። አምስት ቋንቋ በሚሰማበት ሰፈር ያደገ ልጅ ከመናገሩ በፊት ማዳመጥ አለበት፣ አለበለዚያ ጨዋታውም ያልፈዋል።

ሮኬትሪ ደግሞ ይኼ ነው። በ2022 ወጣ። ጽሑፉም ዳይሬክቲንጉም ፕሮዲዩሲንጉም የሱ ነው፣ ዋናው ተዋናይም እሱ ነው። ናምቢ ናራያናን የሚባሉ የህንድ ጠፈር ድርጅት ሳይንቲስት ታሪክ ነው፣ ቪካስ የሚባለውን የሮኬት ሞተር የሠሩትን ቡድን የመሩ። በ1994 የአገር ምስጢር ሸጠሃል ተብለው ታሰሩ፣ እስር ቤት ተሰቃዩ፣ ቤተሰባቸው ጎዳና ላይ ተሰደበ። በ1996 የፌዴራሉ መርማሪ ቢሮ ክሱ ሐሰት ነው አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ሚሊዮን ሩፒ ካሳ ይከፈላቸው ያለው ግን በ2018 ነው። ሃያ አራት ዓመት! ማድሃቫን ሰውየውን ከወጣትነት እስከ ሽምግልና ራሱ ነው የሠራቸው። የሚያስደንቀኝ አሠራሩ ነው። ያንን ፊልም በታሚል፣ በሂንዲና በእንግሊዝኛ ነው የቀረጸው። ሽማግሌውን ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ሰው ታሚሉ ላይ ሱሪያ ነው፣ ሂንዲው ላይ ሻህሩክ ካን ነው። አክተሩ ግን በሦስቱም ያው አንድ ሰው ነው። ያን ሁሉ ዓመት የሱን ቦታ አንዱ ቋንቋ ሲሰጠው ሌላው ሲነጥቀው ኖሮ፣ ራሱ ፊልም ሲሠራ ለማንም አልሰጠም። በ2023 የህንድ ብሔራዊ ሽልማት ምርጥ ፊልም ተብሎ ተሸለመ።

መጀመሪያው ያሰለቻል፣ እሱን አልደብቃችሁም። ሳይንሱ ይበዛል። ከእስሩ በኋላ ያለው ግን ልብ ይነካል። ከዚህ በፊት በ2016 የሠራው ኢሩዲ ሱትሩም፣ የቦክስ አሰልጣኙ፣ ታሚልም ሂንዲም ላይ እሱ ራሱ ነው። ሂንዲው ሳላ ካዱስ ይባላል። ቦክሰኛዋ ሪቲካ ሲንግ ከፊልም በፊትም የምር የኪክ ቦክስ ተወዳዳሪ ነበረች፣ ቡጢዋ ያስታውቃል። ሁለቱንም አንድ ሳምንት ውስጥ አይቻቸዋለሁ፣ ታሚሉ ይበልጣል።

ቀፊራ ሰፈር

ኢሩዲ ሱትሩ ታሚሉ እኔ ጋር በጥሩ ጥራት አለ፣ ጽሑፉም በትክክል ይሄዳል። ፍላሽ ይዛችሁ ኑ።

ሳቢያን 07

ሁለት ነገር ልንገራችሁ ብዬ ነው የመጣሁት።

ካናቲል ሙታሚታልን ከእናቴ ጋር አየን። መሃል ላይ ቡና አፍልታ ነበር፣ ሳይቀዳ ቀዘቀዘ። ልጅቷ እናቷን አግኝታ ጥያቄዎቿን የምትጠይቅበት ቦታ ላይ፣ ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ የምትልበት፣ እኔ መተርጎም አቃተኝ። ድምፄ አልወጣም። እናቴ እጄን ያዘችኝና ዝም ብለን ጨረስነው።

ሮኬትሪን ደግሞ ለብቻዬ ልጀምር ስል አባቴ ከሥራ ገባ። ሳይንቲስት ነው፣ ሮኬት ነው ስለው ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። የለገሃር ልጅ ያሰለቻል ያልከውን ክፍል እሱ ነው ከሁሉ በላይ የወደደው፣ ስለ ሞተሩ እያስቆመ ይጠይቀኝ ነበር፣ የማውቀውን ነገርኩት። ሰውየው ሲታሰሩ ተነስቶ ቆመ፣ እስከ መጨረሻው ቆሞ ነው ያየው። ሲያልቅ «ይሄ ሰውዬ ጎበዝ ነው። ሌላ ምን ሠርቷል?» አለኝ።

ፍላሹ ላይ ስሪ ኢዲየትስ አለ። ከሱ ጋር አይተነው አናውቅም። ቅዳሜ ማታ እሰካዋለሁ።